የኤሌክትሪክ መኪና ጥርሷ የት ነው?

በእኛ አገር በቅሎ የሚገዛ ሰው ስለ ዋጋ ከመነጋገሩ በፊት ከንፈሯን ገለጥ ያደርጋል። ሻጩ ስለ ዕድሜዋ የሚምለው መሐላ እዚያው አፏ ውስጥ ይፈተናል። ጎጃም ውስጥ አማኑኤል በምትባል ከተማ ያደግን ሰዎች ይህን ማንም ሳያስተምረን እናውቀዋለን። ባለፈው ክረምት የአክስቴ ልጅ ከዚያው ደውሎ፣ «አዲስ አበባ ታክሲ ስትሠራ የኖረች የኤሌክትሪክ መኪና አግኝቻለሁ። 180 ሺህ ኪሎሜትር ሄዳለች፤ ዋጋዋ ግን ደኅና ነው። ልግዛት ወይስ ይቅርብኝ?» ሲለኝ፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ጥያቄ ይኸው ነበር፤ የዚህችስ ጥርሷ የት ነው?

ጥያቄው የእሱ ብቻ አይደለም። በ2014 የኤሌክትሪክ መኪና ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነጻ ሆነ። ተገጣጥሞ ለሚመጣው 15 በመቶ ቀረጥ ብቻ ቀረ፤ ተበትኖ ለሚመጣው እሱም ተነሣ። በጥር 2016 ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ ያለውን አዲስ አበባ የሚኖር ሰው በዓይኑ አይቶታል፤ የመንግሥት ባለሥልጣናትም የኤሌክትሪክ መኪናዎች ቁጥር ከ100 ሺህ ማለፉን ነግረውናል። ማራቶን ሞተርስ የመጀመሪያዋን ሃዩንዳይ አዮኒክ እዚሁ ገጣጥሞ ያሳየን በሐምሌ 2012 ነው። እንግዲህ ያኔና ከዚያ በኋላ የገቡት፣ በተለይም ከማለዳ እስከ እኩለ ሌሊት ሰው ሲያመላልሱ የኖሩት፣ አሁን 150 ሺህና 200 ሺህ ኪሎሜትር ላይ እየደረሱ ነው። ቪትዝም ኮሮላም አዲስ አበባ ካረጀ በኋላ ነበር ወደ ክፍለ ሀገር የሚወርደው። የእነዚህም መንገድ ከዚያ የተለየ አይሆንም። አማኑኤል ላይ ዛሬ የሚርመሰመሰው ባጃጅ ቢሆንም፣ የአክስቴ ልጅ ጥያቄ ነገ የቢቸናም የሞጣም ሰው ጥያቄ ነው።

መልካሙን እናስቀድም። ብዙ የተነዳ የነዳጅ መኪና ያለው ሰው የወጪውን መዝገብ በቃሉ ያውቀዋል። በየ5 ሺህ ኪሎሜትሩ ዘይትና ፊልትሮ፣ ሲቆይ ካንዴላ፣ ቺንጋ፣ ፍሪሲዮን፤ ማርሚታው ሲበሳ ብየዳ፤ ሞተሩ ዘይት መብላት ሲጀምር ደግሞ ፋሻ፤ ከዚያም «ሞተር ይውረድ» የሚባለው ቀን። ከዚህ ሁሉ አንዱም የኤሌክትሪክ መኪና ላይ የለም። ሞተሯ ውስጥ የሚሽከረከረው አንድ ነገር ነው፤ የሚፋተገው ኩሽኔታው ነው። ካምቢዮዋ ባለ አንድ ማርሽ፣ ዘይቱም ጥቂት ሊትር ብትሆን ነው፤ ያውም ለዓመታት የማይነካ። የፍሬን ሸራ ደግሞ ሰው እስኪገረም ድረስ ይቆያል፤ ነጂው እግሩን ከመርገጫው ሲያነሳ ሞተሩ ወደ ጀነሬተርነት ተለውጦ መኪናዋን ይይዛታልና።

ይህ በቁጥርም ተመዝኗል። በአሜሪካ ኮንሱመር ሪፖርትስ የተባለው የሸማቾች ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 ባወጣው ጥናት፣ የኤሌክትሪክ መኪና የጥገናና የእድሳት ወጪ በዕድሜዋ ሙሉ ሲሰላ ለአንድ ማይል 3.1 ሳንቲም፣ የነዳጇ 6.1 ሳንቲም ሆኖ ተገኝቷል። ከ100 ሺህ እስከ 200 ሺህ ማይል፣ ማለትም ከ160 ሺህ እስከ 320 ሺህ ኪሎሜትር ባለው የእርጅና ዘመን እንኳ 4.3 ለ7.9 ነው። ግማሽ ያህል መሆኑ ነው።

ይህን ቁጥር ግን እንዳለ አንስቶ አማኑኤል ላይ ማስቀመጥ አይቻልም። አሜሪካ ውስጥ ውዱ የሰው እጅ ነው፤ የመካኒኩ ሰዓት ከዕቃው ዋጋ ይበልጣል። ዘይት የማትቀየር መኪና ለአሜሪካዊው የምታተርፈው ያንን ሰዓት ነው። በእኛ ዘንድ የሰው እጅ ርካሽ ነው፤ ውዱ በዶላር የሚመጣው ዕቃ ነው። ስለዚህ የኤሌክትሪክ መኪና የምታድነን ከርካሹ ወጪ ነው። ስትበላሽ የምትጠይቀን ደግሞ ውዱን ነው። ነገሩ ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ባልከፋ። የቪትዝ ዕቃ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ኦሪጅናሉም፣ ኮፒውም፣ ከሌላ መኪና የተፈታውም አለ፤ ተከራክረህ ትገዛለህ፤ አማኑኤል ላይም ሆነ ደብረ ማርቆስ የሚገጥምልህ አይጠፋም። ወጪው ትንንሽ ነው፤ ይደጋገማል፤ ግን ሰው በየወሩ እየቆነጠረ ይችለዋል። የኤሌክትሪኳ ወጪ ረጅም ዝምታ አለው፤ ሲመጣ ግን በአንድ ጊዜ ነው፤ የሚያውቀውም ሰው 300 ኪሎሜትር ርቆ ተቀምጧል። ብዙ የተነዳች የኤሌክትሪክ መኪና አማኑኤል ላይ ታዋጣለች ወይ የሚለው ጥያቄ፣ እንደኔ እንደኔ፣ ከኪሎሜትሩ ይልቅ በዚህ ርቀት ላይ ይቆማል።

ከታች እንጀምር። ጎማ በቶሎ ያልቃል። የቮልስዋገን አይዲ 4ን የመሰለች መኪና 2 ቶን ያህል ትመዝናለች፤ ጉልበቷም ከቆመችበት ጀምሮ ሙሉ ነው፤ ያንን ሁሉ መሬት ላይ የሚያሳርፈው ጎማው ነው። ቴስቲናው፣ ጎሚኒው፣ አሞርዛተሩ፣ የእግር ኩሽኔታው በዚያው ልክ ይበላል። ደግነቱ ይህ ማንኛውም መካኒክ የሚያውቀው ሥራ ነው። ክብደቷ የሚያስፈራኝ ፒስታ ላይ ነው። ባትሪው ከሆዷ ሥር እንደ ሰሌን ተዘርግቷል። ከአስፋልት ወደ ገጠር ቀበሌ የሚገነጠለው መንገድ ላይ ካሚዮን ያወጣው ድንጋይ የቪትዝን ኮፓ ቢመታ ዘይት ይፈሳል፤ ይበየዳል። የዚህችን ሆድ ቢመታ ግን የባትሪውን ሽፋን ነው። ውኃ የሚገባበት ክፍተት ከተገኘ መኪናዋ ራሷን ትቆልፋለች፤ መቆለፏም ልክ ነው፤ ሆዷ ውስጥ ያለው ወደ 400 ቮልት ነው። ያገለገለች መኪና የሚያይ ሰው በረንዳ ላይ ቆሞ ቀለም ከሚመረምር፣ ጎንበስ ብሎ ሆዷን በእጅ ባትሪ ብርሃን ቢያይ ይሻለዋል።

ከትንንሾቹ ብልሽቶች አንዱን ደብረ ማርቆስ ላይ በዓይኔ አይቻለሁ። ሌሊቱን ሙሉ ዝናብ ሲጥል አድሮ ጠዋት የወዳጄ መኪና አልከፈት አለች። ቁልፉ አይሠራም፤ መብራት የለም፤ በሩ ድርቅ ብሏል። ማታ ሲያቆማት 71 በመቶ ነበረች። ወዳጄ «ባትሪው ሞተ» ብሎ ራሱን ያዘ፤ በልቡ መኪናዋን ግማሽ ዋጋ ሸጧታል። አንድ የባጃጅ ልጅ መጥቶ ሲያይ ቆየና፣ «የሷም እንደኛው ባለ 12 ቮልት ትንሽ ባትሪ የላትም እንዴ?» አለ። አላት። በሩን የሚከፍተው፣ ኮምፒውተሩን የሚቀሰቅሰው፣ ትልቁን ባትሪ የሚያገናኘው ይኸው ትንሹ ነው፤ እሱ ከሞተ ትልቁ ሞልቶ ቢፈስ ፋይዳ የለውም። በድብቁ ቁልፍ ቀዳዳ በሩ ተከፈተ፤ ከባጃጁ ባትሪ ሁለት ገመድ ተሳበ፤ መኪናዋ ነቃች። የነዳጅ ሞተር ለማስነሳት የሚያስፈልገው ዓይነት ጉልበት አልተጠየቀም፤ ኮምፒውተሩን መቀስቀስ ብቻ ነው። ያቺ ትንሽ ባትሪ በየጥቂት ዓመቱ ትቀየራለች። ይህን የማያውቅ ሰው ግን በሎቤድ አስጭኖ አዲስ አበባ ድረስ ሊወስዳት ይችል ነበር፤ ዓባይን አሻግሮ። የባትሪው ዋጋና የሎቤዱ ዋጋ ለየቅል ነው።

ቤት ውስጥ መሰካት ሌላው የወጪ ምንጭ ነው፤ ሰው ግን ከጥገና አይቆጥረውም። በተለመደው የግድግዳ ሶኬት 3 ኪሎዋት ያህል ይገባል፤ 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ከባዶ ለመሙላት 20 ሰዓት ሊጠጋ ነው። ምጣድም ጉልበት ይጠይቃል፤ ግን እንጀራው አልቆ ይነቀላል። ይህቺ ሌሊቱን ሙሉ ትስባለች። ቀጭን ገመድ ይሞቃል፤ ላላ ያለ ሶኬት ይቀልጣል። ብዙው የአገራችን ቤት ደግሞ መሬት ገመድ የለውም፤ ቻርጀሩ ያንን ሲያጣ ቀይ አብርቶ እምቢ ይላል። አንዳንዱ ሰው ቻርጀሩን የሚያታልልበት ዘዴ አያጣም፤ ማታለሉ በሰው ሕይወት ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚዘለው ቮልቴጅ የሚያርፈው ደግሞ መኪናዋ ውስጥ ባለው ቻርጀር ላይ ነው። እሱ ከተቃጠለ ከባትሪው ቀጥሎ ከሚያስፈሩት ዕቃዎች አንዱ ተቃጠለ ማለት ነው። የራሷ መስመር፣ ወፈር ያለ ገመድ፣ የተቀበረ የመሬት ዘንግና መቆጣጠሪያ ብሬከር መኪናዋ ከመምጣቷ በፊት የሚወጣ ወጪ ነው፤ ከመኪናዋ ዋጋ ጋር አብሮ ይታሰብ።

አሁን ወደ ዋናው ባትሪ። ሰው ሁሉ «በስንት ዓመቱ ይሞታል?» ብሎ ይጠይቃል። ባትሪ እንደ አምፖል በአንድ ቀን አይጠፋም፤ እንደ ጉልበት ይደክማል። ጂኦታብ የተባለው ኩባንያ በሺዎች የሚቆጠሩ መኪናዎችን ተከታትሎ አማካይ ድካሙን በ2019 እ.ኤ.አ. በዓመት 2.3 በመቶ፣ በ2024 ደግሞ 1.8 በመቶ ብሎታል። የጀርመን የመኪና ባለንብረቶች ማኅበር የነዳት አይዲ 3 ከ160 ሺህ ኪሎሜትር በኋላ 91 በመቶ አቅሟ ነበራት። ሪከረንት የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. 15 ሺህ መኪናዎች አይቶ፣ ፋብሪካው በጥሪ ከቀየራቸው በቀር ባትሪ የቀየሩት 1.5 በመቶ ብቻ ሆነው አግኝቷቸዋል። እንግዲህ 180 ሺህ ኪሎሜትር ብቻውን የሞት ፍርድ አይደለም። ኪሎሜትሩ ብዙ ሆኖ በዝግታ ስትሞላ የኖረች መኪና፣ ጥቂት ተነድታ ሁልጊዜ 100 በመቶ ሞልታ ፀሐይ ላይ ከቆመች ልትሻል ትችላለች።

ፀሐይን ያነሳሁት በምክንያት ነው። የባትሪ ዋና ጠላት ሙቀት ነው። የመጀመሪያዎቹ የኒሳን ሊፍ መኪናዎች ባትሪያቸውን የሚያቀዘቅዝ ፈሳሽ ስላልነበራቸው አሪዞና በረሃ ላይ በሁለት ዓመት ውስጥ አቅማቸው ሲወርድ ባለቤቶቹ በ2012 እ.ኤ.አ. ጩኸታቸውን አሰሙ። አማኑኤል ያለችበት የማቻከል ደጋ ለሰውም ለባትሪም ይስማማል፤ የሚያቃጥል በጋ የለም፤ የሚያቀዘቅዝ በረዶም የለም። የነዳጅ ሞተር ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ሲደርስ አየሩ ስለሚሳሳበት ጉልበቱ ሩብ ያህል ይጎድላል፤ ኤሌክትሪኩ አየር አይተነፍስም፤ አይጎድልበትም። ጎጃም ለዚህች መኪና የተሠራች አገር ናት ብል አላጋነንኩም፤ መካኒክና መሙያ ጣቢያ ብቻ ቢኖራት።

ባትሪው ሲታመምም ሁልጊዜ ሁሉም አይታመምም። የአውሮፓዋ አይዲ 4 ባለ 82 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ 12 ሞጁል ነው፤ በውስጡ 288 ሴል አለ። ሴሎቹ እንደ ተጠመዱ በሬዎች ናቸው፤ አንዱ ከለገመ ሁሉም በእሱ ፍጥነት ይሄዳል። የአንድ ሴል ድካም፣ የአንድ ሙቀት መለኪያ ሽቦ መቆረጥ፣ ትልቁን ባትሪ የሚያገናኘው ማብሪያ መጣበቅ፣ ዳሽቦርዱ ላይ የሚያወጡት ማስጠንቀቂያ ለባለቤቱ አንድ ዓይነት ነው። «ባትሪው ሄዷል» የሚል መካኒክ እውነቱን ይሆናል፤ ወይም ከፍቶ ማየት አልቻለም ይሆናል። በእነዚህ በሁለቱ መሀል ያለው ልዩነት በብር ሲሰላ ያስደነግጣል። ብሉምበርግ የ2024 እ.ኤ.አ. የዓለም አማካይ የባትሪ ዋጋን ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 115 ዶላር ብሎታል፤ ለ60 ኪሎዋት ሰዓት 6,900 ዶላር፤ ያውም ፋብሪካው ለፋብሪካው የሚሸጥበት። ይህ ሐምሌ 2016 ብር ከመንሳፈፉ በፊት በ57 ብር ምንዛሪ 393 ሺህ ብር ነበር። ዶላሩን 150 ብር ብለን ብናስበው ከ1 ሚሊዮን ብር ያልፋል። መጓጓዣው፣ ቀረጡና የነጋዴው ትርፍ ገና አልተጨመረበትም። አንድ ሞጁል ለይቶ የሚቀይር እጅ ግን ይህን በአንድ አሥረኛ ሊጨርሰው ይችላል። በፋብሪካው ዋስትና የሚታመን ሰውም ወረቀቱን ያንብብ፤ ብዙዎቹ መኪናዎች ከቻይና ገበያ በነጋዴ እጅ የመጡ ናቸው፤ የ8 ዓመትና የ160 ሺህ ኪሎሜትር ዋስትና የሚባለው ባሕር ተሻግሮ አይከተላቸውም። ለ180 ሺህዋማ ቢከተላትም አልፏታል።

የድካሙ ትርጉም የሚገባው መንገድ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ አማኑኤል 325 ኪሎሜትር ያህል ነው፤ መሀሉ ላይ ዓባይ አለ። በእጅ ስሌት እንሂድ። ባትሪዋ 60 ኪሎዋት ሰዓት የሆነች አዲስ መኪና ለ100 ኪሎሜትር 16 ኪሎዋት ሰዓት ትበላለች እንበል። ከአዲስ አበባ 100 በመቶ ይዛ ጎሐ ጽዮን ስትደርስ 51 ቀርቷታል። ከዚያ ወደ ዓባይ ድልድይ 20 ኪሎሜትር ያህል፣ ከፍታው 1,400 ሜትር ያህል ቁልቁል ነው። ይህ ነጂው የሚደሰትበት ቦታ ነው፤ ካሚዮኑ ፍሬኑ እየሸተተ ሲወርድ እሷ ትሞላለች። ድልድዩ ላይ 58 ሆናለች። ወደ ደጀን ሲወጣ ግን ያገኘችውን ከነወለዱ ትመልሳለች፤ ደጀን ላይ 38። ከደጀን አማኑኤል ወደ 97 ኪሎሜትር፤ 26 በመቶ። አማኑኤል በ12 በመቶ ትገባለች።

ያው መኪና አቅሟ ወደ 80 በመቶ ወርዶ ቢሆንስ? አሁን 100 የሚለው ቁጥር 48 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ጎሐ ጽዮን 38፣ ድልድዩ ላይ 47፣ ደጀን 23። የቀራት 11 ኪሎዋት ሰዓት፣ 70 ኪሎሜትር ገደማ። ደብረ ማርቆስ መግቢያ ላይ ትቆማለች። ለአዲስ አበባ ሰው 20 በመቶ ድካም ማለት በሳምንት አንድ ቀን ጨምሮ መሰካት ነው፤ ለአማኑኤል ሰው ቤት መድረስና አለመድረስ ነው። (አንድ ነገር ልጨምር፤ ጎሐ ጽዮን አካባቢ ያደረ ሰው 100 ሞልቶ ቁልቁለቱን አይጀምር። ሞልቶ የነበረ ባትሪ የሚቀበለው ቦታ ስለሌለው ሞተሩ መያዙን ይተዋል፤ ፍሬን ሸራው ብቻውን ይቀራል።)

እንግዲህ ጥርሷ የቱ ነው? የዳሽቦርዱ ኪሎሜትር አይደለም፤ እሱ እንደሚመለስ ደላላ ሁሉ ያውቃል። ኮምፒውተር ተሰክቶ የሚነበበው የባትሪ ጤና ቁጥር ይሻላል፤ ግን በአንዳንዱ መኪና እሱም ወደ አዲስ ቁጥር ሊመለስ ይችላል። እኔ የማምነው ካርድ ቆጣሪውን ነው። መኪናዋን ባትሪዋ 20 በመቶ ሲሆን ሰክቶ፣ 80 ሲደርስ መንቀል። በዚያች ሌሊት ምጣድ አይጣድ፤ ሌላውም ይጥፋ። ከሚገባው አንድ አሥረኛው በሙቀት ይባክናል እንበል። ባትሪዋ እንደ አዲስ 60 ከሆነ ቆጣሪው 40 ይቆጥራል። 32 ከቆጠረ ባትሪዋ 48 ሆኗል ማለት ነው፤ ደብረ ማርቆስ መግቢያ ላይ የምትቆመዋ መኪና። ይህን ሻጭ አያበላሸውም፤ ደላላም አይመልሰውም፤ የሚፈልገው 12 ሰዓት ያህል ትዕግሥት ነው።

የቀረው ሰው ነው። አዲስ አበባ ላይ የኤሌክትሪክ መኪና የሚያክሙ ጋራዦች ተከፍተዋል፤ ከባጃጅና ከሞባይል ጥገና ተነስተው ባትሪ መክፈት የለመዱ ወጣቶችም አሉ። ሥራው ግን ድፍረት ብቻ አይበቃውም። ብርቱካንማውን ገመድ ከመንካት በፊት የሚነቀል መሰኪያ አለ፤ 1,000 ቮልት የሚችል ጓንት አለ፤ ሞቷል ተብሎ የታመነውን ቮልቴጅ በቴስተር መለካት አለ። ጠቅላላ የዚያ መሣሪያ ዋጋ ከአንድ የተቃጠለ ቻርጀር አይበልጥም። ከደብረ ማርቆስ እስከ ሞጣ ባሉት ከተሞች አንድ ሰው ያንን ቢይዝ፣ የአካባቢው ሰው ለሎቤድ የሚከፍለው ብቻ ያኖረዋል ብዬ አስባለሁ። መንገድ ሲዘጋጋ ደግሞ ሎቤዱም ሁልጊዜ አይገኝም።

ለአክስቴ ልጅ ይህን ሁሉ በስልክ አልነገርኩትም። የቆጣሪውን ነገር ብቻ ነገርኩት፤ አዲስ አበባ ሄዶ ለሻጩ አቀረበለት። ሻጩ መጀመሪያ ተቆጣ፤ «እኔን አታምነኝም?» አለ። በኋላ ተስማማና፣ የአክስቴ ልጅ መኪናዋን እዚያው እህቱ ቤት አሳደራት። ጠዋት ደወለልኝ።

«35 ቆጠረ።»

ወረቀት አወጣሁ። 52 ተኩል ኪሎዋት ሰዓት። ጎሐ ጽዮን 44፣ ድልድዩ 52፣ ደጀን 30፣ አማኑኤል ዜሮ።

«ደብረ ማርቆስ የምትሰካበት ዘመድ አለህ?»

«የባለቤቴ ወንድም አለ።»

«ቤቱ መሬት ገመድ አለው?»

ዝም አለ። ከኋላው የታክሲ ጥሩንባ ይሰማኛል።

«ቆይ፣ ልደውልለት» ብሎ ዘጋው።